በእጥፍ ፍጥነት የተለቀቀው ዘፈን

ዘፋኟ ዕድሜዋን የገፋችው ከሰው ጀርባ ቆማ ዘፈን ስትቀበል ነው። ስንቱን ዘፋኝ ሲደክመው እየደገፈች፣ ሲሳሳት እየሸፈነች ኖራ፣ ፊቷን የሚያውቁት ጎረቤትና ባለሱቅ ብቻ ነበሩ። ፀጉሯ ሽበት ከጣለበት በኋላ ግን የራሷን ዘፈን ቀዳች። ዘፈኑም ማር ሆኖ ወጣ። ጉድ ያመጣው ክሊፑ ነው።

የሚቀረጸው ሥራ ባቆመ የእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ውስጥ ነበር። ሰጋቱራው ተጠርጎ ጥግ ላይ ተከምሯል። ወለሉ በመብራት እንዲያብለጨልጭ ውሃ ተደፍቶበታል። ነፋስ ዝር በማይልበት ቤት ሻርፕ እንዲውለበለብ ደግሞ አንድ ትልቅ ማራገቢያ ይጮኻል። አዘጋጁ እጇ ላይ ያደገው የወንድሟ ልጅ ነው። ካሜራ የያዘውን ሰውዬ፣ ሲስቅ ያየው ስለሌለ፣ ሁሉም "ትካዜ" ይሉታል። ለክሊፑ ማድመቂያ የተቀጠረች አንዲት ወጣት ሞዴልም አለች።

ዘፈኑ ሲለቀቅ እሷ አፏን ከተቀዳው ድምፅ ጋር ማስኬድ ነበረባት። እሷ ግን መዝፈኗን ቀጠለች! የተቀዳው ቀጥ ብሎ በሚያልፍበት ትጠመዝዘዋለች፤ በሚያርፍበት እሷ ገና እያባበለችው ነው። አፏና ዘፈኑ እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ለየብቻቸው ይሄዳሉ።

"እትዬ፣ ስቱዲዮ የዘፈንሽውን ብቻ ተከተይው እንጂ!" አለ አዘጋጁ።

"የዚያን ቀኑማ የዚያን ቀን ነው። ዛሬ ሌላ መጣልኝ፤ ምን ላድርግ?"

"የዛሬውን ለነገ አስቀምጪዋ።"

"ዜማ ፍሪጅ ይገባል እንዴ፣ አንተ ልጅ?"

ደጋግመው ሞከሩ፤ ወይ ፍንክች። በዚህ መሃል ዘፈኑን የሚያወጣው አሳታሚ ደወለ። ልጁ ስልኩን ይዞ ወደ በሩ ሄደና ጆሮው ቀልቶ ተመለሰ። ዓይኗን ማየት አቃተው።

"እትዬ... እስከ ምሳ ካልገጠመ ሞዴሏ አፏን ታንቀሳቅስ ብሏል። አንቺ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ትቀመጪያለሽ። እንደ... እንደ አያት።"

ዘፋኟ ሻርፗን ከአንገቷ ፈታች። በገዛ ዘፈኗም ከጀርባ ልትሆን ነው። ግን ያሳደገችውን ልጅ ሰው ፊት ማስጨነቅ አልሆነላትም።

"ይሁን፣ የኔ ጌታ። ሥራህን አላበላሽብህም" ብላ ሻርፑን ለሞዴሏ ሰጠቻትና ሄዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ሞዴሏ ሸንቃጣ ልጅ ናት፤ እሷም ደስ አላላትም። "በሰው ጉሮሮ ላምርበት እንዴ?" ብላ አጉረመረመች፤ ቢሆንም እርጥቡ ወለል ላይ ቆመች።

"ይሄኛው በስሎው ሞሽን ነው" አላት ትካዜ እንደ ልማዱ ቅጭም ብሎ። "ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት እንለቀዋለን፤ አንቺም እኩል ትሮጫለሽ። ኋላ የምስሉን ፍጥነት ወደ ግማሽ ሳወርደው አፍሽ ከዋናው ዘፈን ጋር ይገጥማል። ፀጉርሽና ሻርፑ ግን ውሃ ውስጥ እንዳለ ነገር ቀስ ይላሉ።"

ዘፈኑ ተለቀቀ። እናንተዬ፣ ያ ስንቱን ያስለቀሰ ድምፅ የተራበች ጫጩት ሆኖ ቁጭ! ሞዴሏ ሁለት ቃል ሳትከተል "ምላሴ ተቋጠረ!" ብላ በሳቅ ተንፈራፈረች። ትካዜ እንኳ ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥበት የሸሚዙን ኮሌታ ነከሰ።

ዘፋኟም ከነሐዘኗ ሳቋ አመለጣት። የገዛ ድምፄ እንዲህ ያደርጋል እንዴ ብላ እየሳቀች፣ ሳታስበው አብራው ማለት ጀመረች። በዚያ ሩጫ መሃል ማባበያ ጊዜ፣ መጠምዘዣ ቦታ የለም። ቃሉን ከቃሉ ማድረስ ብቻ ነው፤ ቃሉን ደግሞ ከእሷ በላይ ማን ያውቀዋል?

ቀድማ ያየችው ሞዴሏ ናት። "ኧረ እናንተ ሰዎች! አፏን እዩት፣ አፏን!"

አዘጋጁ ዘወር አለ። "እትዬ፣ ተነሺ! እንዳትቆሚ፣ ዝም ብለሽ ቀጥዪ!"

ሞዴሏ ሮጣ ሻርፑን መልሳ አንገቷ ላይ ጣለችላት፤ ማራገቢያውን አዞሩት፤ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ለቀቁት። ዘፋኟ እንደ ሕፃን እየፈነደቀች እስከ መጨረሻው አብራው ሮጠች።

ከዚያ ሁሉም ትንሿ ስክሪን ላይ ተደፉ። ትካዜ የምስሉን ፍጥነት ወደ ግማሽ አወረደና ዋናውን ዘፈን ከሥሩ አስገባ። ዘፋኟ ማየት ፈርታ የልጁን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

"እትዬ፣ ግድ የለም፤ እዪው።"

አየች። ከንፈሯ ከዘፈኑ ጋር ገጥሟል። ያ ሁሉ ጥድፊያ የት እንደገባ እንጃ፤ ሻርፑ በዝግታ ይነሳል፣ በዝግታ ይወርዳል። ሳቋ ፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ይፈካል። ሽበቷ በእርጥቡ ወለል ላይ ያበራል። ጥርሷን የነቀሏት ይመስል ይዛው የነበረውን ትንፋሽ "እፎይ!" ብላ ለቀቀችውና ሰጋቱራው ክምር ላይ ዘፍ አለች።

ልጁ ቁራጩን ለአሳታሚው ላከለት። ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ጮኸ።

"ይቺን ሴትዮ እስከዛሬ የት ደብቃችኋት ነው?" የሚለው የአሳታሚው ድምፅ ቤቱን ሞላው።

"ከጀርባ!" ብላ ጮኸችበት ዘፋኟ ከሰጋቱራው ላይ።

"የአያትየዋስ ወንበር?" አለ አዘጋጁ እንባና ሳቅ እየተናነቀው።

"ለእኔ!" አለች ሞዴሏ፤ ጫማዋን አውልቃ ተዘረጋችበት። "እግሬ በዚህ ውሃ ደንዝዟል። ልጆች፣ ጋቢ አምጡልኝ!"

ዘፋኟ ቀሚሷን እያራገፈች ተነሳች።

"እስቲ በእጥፉ ድገሙት።"

"አልቋል እኮ፣ እትዬ።"

"ገባኝ። አሁን ለሳቁ ነው።"

ትካዜ ግን ቀድሞ የማጫወቻውን ቁልፍ ተጭኖት ነበር፤ ኮሌታውንም አልነከሰም።