የታጠበ አፈር

አያ የኔሰው በሐምሌ ስንዴያቸው ላይ የረጩት የአረም መድኃኒት ምን ያህል ኃይለኛ እንደነበር ልንገራችሁ፦ እሳቸው ቢቸና ዳር ሲረጩት ሞጣ ገበያ ላይ የነጋዴው የሐምዱ ዶሮ አስነጠሰች። የማያምን ዶሮዋን ይጠይቅ። ሻጩ «ለአንድ ርጭት አንድ ክዳን» ቢላቸው እሳቸው ሁለት አደረጉት። «ለእንግዳ አንድ ጭልፋ ወጥ ይቀርባል እንዴ?» ብለው።

አረሙ ሞተ። ጳጉሜን ላይ ግን በረዶ ወርዶ ስንዴውን ያለ ማጭድ አጨደላቸው። ቤት የቀራቸው አንድ ስልቻ የሽምብራ ዘር ነው፤ እሱ ካልበቀለ የዓመቱ ጉሮሮ ተዘጋ ማለት ነው። መስከረም ሲገባ በዚያው ጥቁር መረሬ መሬት ላይ ሊዘሩት በሬ ጠመዱ። ጎረቤት ነኝና እኔም ላግዝ ሄድኩ።

የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ሀይማኖት ሮጣ ደረሰች።

«አያ፣ ይቆዩ! የመድኃኒቱ ግማሽ ዕድሜ ሁለት ወር ነው። አፈሩ ውስጥ ገና አለ። ስንዴ ይችለዋል፤ ሽምብራን ግን ይፈጀዋል።»

«ግማሽ ዕድሜ? የማን?» አሉ አያ።

እዚህ ላይ አላስችል አለኝ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ተምሬአለሁ። «የረገጠው ሰው ነዋ! ግማሽ ይወስድበታል!» አልኳቸው። አያ እርፉን ለቀው ድንጋይ ላይ ወጡ።

«ይኼን ቀልማዳ አይስሙት!» አለች ሀይማኖት። «በሁለት ወር መድኃኒቱ በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። አፈር ውስጥ ያሉ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት ይበሉታል፤ ውሃም ይዞት ይሄዳል።»

«በአራት ወር ያልቃላ?»

«የለም፤ የግማሹ ግማሽ ይቀራል።»

«ከዚያስ?»

«የዚያም ግማሽ።»

«የአባቴ መሬት ነዋ! ከወንድሜ ጋር እኩል ተካፈልነው፤ ልጆቻችን የእኩሉን እኩል። መሬቱ አለቀ፤ ክሱ እስካሁን ቀጠሮ ላይ ነው።»

ሀይማኖት ስቃ ዘዴ ነገረቻቸው። ከማሳው አፈር ወስደው በጣሳ ጥቂት ሽምብራ ይዝሩ፤ አምሮ ከበቀለ ማሳውም ይዘራል፣ ከጠወለገ ዘራቸውን ያተርፋሉ። መጥታ እንደምታየውም ነገረቻቸው።

አያ አፈሩን ቤት ወሰዱ። ግን የእሳቸው ነገር ባለሙያ ፊት እንዲያው ይቀርባል? ጠጠሩን ለቀሙ፣ ነፉት፤ ከዚያ እንደ ምስር ውሃ እየለዋወጡ አጠቡት። እጣቢውን ጓሮ ደፉት።

«አፈር ይታጠባል እንዴ?» አልኳቸው።

«አንተ ፊትህን ሳትታጠብ ሰው ፊት ትቀርባለህ። እኔ አፈሬንም አላስነውር!»

ሽምብራው በጣሳው ውስጥ በቀለ። ጣሪያ ቀዶ ወጣ ብል አታምኑኝም፤ ስለዚህ አልልም። አያ ሀይማኖትን ሳይጠብቁ እንደገና በሬ ጠመዱ። ስልቻውን ሲፈቱ ባለቤታቸው እትዬ ውበቴ ቢጫ የሆነ ጎመን ታቅፈው ማሳው ላይ ደረሱ።

«አንተ ሰው፣ እጅህን ሰብስብ! ያን እጣቢ የት ነው የደፋኸው?»

«ጎመኑ ሥር። ይጠጣ ብዬ።»

«ጠጥቶ ይኸው ሞተ!»

አያ ጎመኑን አገላብጠው አዩት። ለካ መድኃኒቱ ቤት ቀየረ እንጂ አልሞተም! አንዲት ፍሬ ሳይጥሉ ስልቻውን መልሰው አሰሩ።

ዘሩ መድኃኒት ባልነካው በሌላው ጎረቤታችን በፋንታ መሬት ላይ፣ በእኩል ተዘራ፤ የምርቱ ግማሽ ለባለመሬቱ ለፋንታ ነው። ሽምብራው ሲያብብ አያን ማሳው ዳር ቆመው አገኘኋቸው።

«አንተ ቀልማዳ፣» አሉኝ፣ «ግማሽ ይወስዳል ያልከው ለካ እውነት ኖሯል። በዕድሜህ የተናገርካት የመጀመሪያ እውነት ናት፤ እሷም ብትሆን ግማሽ ናት።»