ጥንቁቁ የጣለው መስታወት

«ሃያ ስድስት ዓመት!» አለ የመስታወት ቤቱ ክፈፍ ሠሪ፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ። «ሃያ ስድስት ዓመት መስታወት ተሸክሞ አንዲት ጠርዝ ያላስነካ ሰው፣ መጨረሻ ላይ በር የሚያህለውን ከእጁ ያምልጠው? ትንሽ ቢታገስ ኖሮ ጥንቁቁ እንዳልነው እንቀብረው ነበር። አሁን ሰባሪው ሆኖ ሄደ።»

አጠገቡ የተቀመጡት የመስታወት ቤቱ ሰዎች አፋቸውን በእጃቸው ከልለው ሳቁ። የሟቹ ሚስት ከወዲያኛው ክፍል እንዳትሰማ ነው።

ቀጮ አልሳቀም። በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ሻዩ እጁ ውስጥ ቀዝቅዟል።

«ይኸው ጎድኑ የተሰበረው ሰውዬ» አለ ክፈፍ ሠሪው ወደሱ ዞሮ። «አንተ እኮ ነህ መሳቅ ያለብህ። ቂም ይዘህበት እንዳይመስል።»

«ተወኝ እስቲ።»

የሐዘኑ ሁለተኛ ቀን ነበር። ጥንቁቁን ከሥራ ወጥቶ መንገድ ሲሻገር መኪና ገጨው። በዚያ ምሽት ቀጮ እንደ ወትሮው ጫማ ሰሪው ሱቅ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ሱቁ ሲዘጋም አልሄደም። ጥንቁቁ ቀርቶ አያውቅም።

ለአሥራ አንድ ዓመት አብረው ተሸክመዋል። ትልቅ መስታወት ሲያጓጉዙ ቀጮ ከፊት ይይዝና ፊቱን ወደ መስታወቱ አድርጎ በጀርባው ይሄዳል፤ ጥንቁቁ ከኋላ ይዞ፣ በመስታወቱ አሻግሮ፣ መንገዱን ያይለታል። «ግራ» ይላል። «በር» ይላል። «ደረጃ» ይላል። ሌላ ወሬ የላቸውም። ቀጮ «ደረጃ» ሲባል ቆም ብሎ በተረከዙ ጠርዙን ይፈልጋል፤ እስኪያገኘው ጥንቁቁ አንዲት ስንዝር አይገፋም።

የዛሬ አራት ወር ባላለቀ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንዲሁ ይዘው ሳለ፣ ቀጮ ደረቱ ላይ ሰው የተቀመጠበት ያህል ከበደው። ግራ ክንዱ ዛለ። ላብ ዓይኑ ውስጥ ገባ። በመስታወቱ ማዶ የጥንቁቁ ፊት ሲለዋወጥ አየ፤ ከዚያ ጥንቁቁ መስታወቱን ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ግድግዳው ሲወረውረው አየ። የሰባሪነቱ ታሪክ ይህ ነው።

ዓይኑን ሲገልጥ ጥንቁቁ ስብርባሪው ላይ ተንበርክኮ ደረቱን በሁለት እጁ እየተጫነ ይቆጥር ነበር። ባለፈው ዓመት ለመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና የመጣች፣ ልቡ የቆመ ሰው ደረት እንዴት እንደሚጫኑ የሚለማመዱባት የላስቲክ አሻንጉሊት ነበረች፤ ሁሉም ሲቀልድ ከምሩ የተማረው እሱ ብቻ ነበር። «ቀስ በልላት፣ ባለትዳር ናት!» እያሉ ስቀውበታል።

ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ቀጮ ቀድሞ የተናገረው የምስጋና ቃል አልነበረም።

«ለአለቃው ልቡ ነው ብለህ እንዳትነግር። ያን የደም ግፊት ያለበትን መስታወት ቆራጭ እንዴት ከሥራ እንደሸኘው አይተሃል። እኔ ሌላ ሥራ አላውቅም።»

ጥንቁቁ በፋሻ የተጠቀለለ ጉልበቱን አሻሸ።

«ጎድንህ ተሰብሯል አይደል?»

«ሐኪሙ እንደሱ አለ።»

«የሰበርኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ውሸት የለበትም።»

መስታወት ቤቱ የሰማው ይህንኑ ነው፦ ጥንቁቁ መስታወት ጣለ፣ ቀጮ አብሮ ወደቀ፣ ጎድኑ ተሰበረ። ቀጮ ሲመለስ ጎድኑ እስኪጠገን ተብሎ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተመደበ። «ሰባሪው» የሚለው ስም ከሁሉም አፍ ሲወጣ ሰማ። አንድ ቀን፣ ሁሉም ሲስቁ፣ እሱም ሳቀ። ጥንቁቁ ቀና ብሎ አየውና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ማታ ማታ ግን፣ ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት በእግር ሊያስኬደው፣ ይመጣል። ቀጮ የሚኖረው ብቻውን፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው። «ዛሬ እስከ የት?» ይለዋል ከደጅ ሆኖ። በመጀመሪያው ሳምንት እስከ ግቢው በር ሄዱ። ቀጥሎ እስከ ጫማ ሰሪው፣ ቀጥሎ እስከ መድኃኒት ቤቱ። ኋላ ላይ ቀጮ ራሱ እስከ ጫማ ሰሪው ወጥቶ ይጠብቀው ጀመር። ቀጮ ሲደክመው ጥንቁቁ የጫማ ማሰሪያውን ለማጥበቅ ያጎነብሳል። ያልተፈታ ማሰሪያ ነው የሚያጠብቀው።

በዚያ ሰሞን ቀጮ ጠዋት ሲነቃ ከሁሉ በፊት የጎረቤቱን ቧንቧ ውሃ ይሰማ ነበር። ተኝቶ ያዳምጠዋል። ውሃ ሲወርድ መስማት እንዲህ ደስ እንደሚል አያውቅም ነበር፤ የሚነግረው ሰው ግን ክፍሉ ውስጥ የለም። ማታ ለጥንቁቁ ሊነግረው ያስብና ሲገናኙ አፉ ላይ ሌላ ይመጣበታል።

«ሁለት ጎድኔን ሰብረህ ደግሞ አመስግነኝ ትላለህ።»

«ሦስት ነው» ይላል ጥንቁቁ።

በሐዘኑ ሦስተኛ ቀን ለቀስተኛው እየሳሳ ሄደ። አለቃው መጥቶ ከቀጮ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ክፈፍ ሠሪው አጠገቡ ሆኖ ድምፁን ዝቅ አድርጓል። የጥንቁቁ ሚስት ከጓዳ ወጣችና ማንንም ሳታይ መጥታ ከቀጮ ጎን ተቀመጠች።

«ቀጮ፣ አንድ ነገር ልለምንህ።»

«ምን ሆነሽ እትዬ? እዘዢኝ።»

«ይቅር በለው።»

ቀጮ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ።

«እኔን ምንም አላለኝም» አለች። «ስጠይቀው ‹እኔ ነኝ የሰበርኩት› ብሎ ዝም። ግን በየማታው ራቱን ሳይቀምስ አንተ ጋ ሲሮጥ፣ ጸጸት እንደሚያስኬደው ይገባኝ ነበር። ሰው ነው፣ እጁ ከድቶት ነው። ይቅር ብየዋለሁ በለኝና ልረፍ።»

አለቃው ቀና አለ። ቀጮ አየው። «ይቅር ብየዋለሁ» ቢል ሁሉም ይጽናናል፤ ሰኞ ጠረጴዛው ጋ ይመለሳል፤ ጥንቁቁም ለዘላለም ሰባሪው ሆኖ ይቀራል። ልቡ በኃይል መታ። ሐኪሙ እንዳስተማረው በአፍንጫው አየር ሳበ፣ ቀስ አድርጎ ለቀቀው።

«እትዬ፣ ይቅር የምለው ነገር የለኝም» አለ። ድምፁ ከፍ ብሎ ወጣ። «እጁ አልከዳውም። የእኔ ልብ ናት የቆመችው። እላዬ ላይ እንዳይወድቅ ብሎ ነው መስታወቱን የወረወረው። ጎድኔንም የሰበረው ደረቴን ተጭኖ ሲመልሰኝ ነው። ደብቅልኝ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ሥራዬን ፈርቼ። አራት ወር ሙሉ ስሙን ሲያበላሹት እየሰማሁ … እኔም ስቄበታለሁ። አንድ ቀን አመሰግናለሁ አላልኩትም።»

ክፈፍ ሠሪው ሁለት እጁን ጭኖቹ መሃል ከትቶ ወለሉን ያያል።

«ጉልበቱ» አለች ሚስቱ። «ከጉልበቱ አሥራ አራት ስባሪ በወረንጦ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የወደቀ ሰው እጁ ሳይቆረጥ ጉልበቱ ብቻ እንዴት ይቆረጣል እያልኩ ሳስብ ነበር። ተንበርክኮ ነዋ!» ነጠላ ጠብታ እንባ አገጯ ላይ ደርሶ ቆመ። «ተንበርክኮ ነዋ» አለች እንደገና፣ ለራሷ።

አለቃው ተነሳ። እጇን ይዞ አጽናናት፣ ከዚያ ቀጮ ፊት ቆመ።

«ሰኞ ቢሮዬ ና፤ እንነጋገራለን» አለ። ፊቱ ምንም አይነበብበትም። ክፈፍ ሠሪው ተከትሎት ሲወጣ በሩ ላይ ዘወር ብሎ፣ «ጥንቁቁን እኮ …» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ሄደ።

አመሻሹ ላይ የቀሩት ቀጮና የጥንቁቁ ሚስት ብቻ ነበሩ። ከጎረቤት የተዋሱትን አግዳሚ ወንበር መመለስ ነበረባት።

«ተወው፣ አንተ ከባድ አትያዝ» አለችው።

«ባዶ ወንበር እኮ ነው። ቀስ ብለን።»

እሷ በበሩ በኩል ያለውን የወንበሩን ጫፍ ያዘች፤ ፊቷ ወደሱ፣ ጀርባዋ ወደ ደጅ ሆነ። ቀጮ የኋላውን አነሳ። በዚህ ጫፍ ይዞ አያውቅም። በትከሻዋ አሻግሮ ደጁን፣ ግቢውን፣ የጎረቤቱን በር አየ፤ መንገዱ ሁሉ ይታያል። ሁለት እርምጃ ሄዱ።

«ደረጃ» አለ ቀጮ።

ቆመች። በተረከዟ ጠርዙን መፈለግ ጀመረች። እሱም እስክታገኘው ድረስ፣ አንዲት ስንዝር ሳይገፋ፣ ወንበሩን ይዞ ጠበቃት።