የሰው ኔት

ኤልሳቤጥን ያናደዳት መሸነፉ አይደለም። መሸነፍማ ያለ ነው። ያንገበገባት፣ እንደሚሸነፉ ወር ሙሉ እየለፈለፈች ጆሮ ዳባ ልበስ መባሏ ነው።

ኤልሳቤጥ መተማ ዮሐንስ ከተማ ነርስ ናት። በስልክ የሚጫወቱት አንድ የተኩስ ጨዋታ አለ፤ አራት አራት ሆነው ይገቡና መጨረሻ ላይ ቆሞ የተገኘ ቡድን ያሸንፋል። የከተማው ተጫዋቾች የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። ከግሩፑ ምርጥ የተባሉት እሷ፣ ስልክ ሻጩ ሳጂድ፣ መምህሩ ባዘዘውና የትራክተር መካኒኩ ጌች ናቸው። አለቃው ጌች ነው። ማን ሾመው? ጉሮሮው ነዋ!

በ2011 የሰሊጥ አጨዳ እንዳለቀ ገንዳ ውኃ ላይ የዞን ውድድር እንደሚደረግ ተሰማ። አንደኛ የወጣው ቡድን ጎንደር ሄዶ ይጫወታል። ኤልሳቤጥ ይህን ስትሰማ እንቅልፍ አጣች፤ ምክንያቱም ጥር ላይ ወደ ገለጉ ልትዛወር ነው። ገለጉ ደግሞ እንኳን ጨዋታ፣ ደውሎ ሰላም ማለትም መከራ ነው። ለእሷ የቀራት ይኸው አንድ ውድድር ነበር። ይህንንም ለሦስቱም ነግራቸዋለች።

መተማ ላይ ልምምድ ማለት እንግዲህ እንዲህ ነው። የማይጫወት እንኳ የሱዳን ሲም አለው። ከማዶ ከገላባት የሚመጣው ኔት ፈጣን ነው፤ የእኛው ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ፀሐይ በረድ ሲል ሁሉም ድንበሩ አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ወንበር ይይዝና በጎረቤት ኔት ይተኩሳል። በጎረቤት ኔት ደግሞ ጀግና ያልሆነ የለም።

ኤልሳቤጥ ግን የሱዳን ኔት ገንዳ ውኃ እንደማይደርስ ታውቃለች። የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ ለልምምዱ የራሳችንን ሲም እናስገባ አለች። በቀርፋፋ ኔት የሚሮጥ ሰው ይሞታል፣ አድፍጦ መጠበቅን እንልመድ አለች። አራታችንም ባንዴ ስለምንጮህ አንደማመጥም፣ የሚናገር አንድ ሰው ይለይ አለች። ሳይቃጠል በቅጠል ነበር ነገሩ። ጌች ሳቀባት፤ በቀርፋፋ ኔት ብንለማመድ እጃችን ይበላሻል አለ። ሳጂድ ደግሞ «ያ ዞል፣ ይህች ልጅ ታሟርትብናለች» ብሎ ለጌች አከለበት፤ ያ ዞል በሱዳኖች አፍ አንተ ሰው ማለት ነው። ባዘዘው፣ ያ መምህር ተብዬ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ መተኮሱን ቀጠለ።

የውድድሩ ቀን ሁለት ዙር ተጫወቱ፤ የሁለቱ ነጥብ ይደመራል። በመጀመሪያው ዙር ጌች እንደ ልማዱ ሮጦ ወጣ። ኔቱ ስለሚንቀራፈፍ በእሱ ስልክ ላይ ጠላቱ ገና በር ላይ ቆሟል፤ ጠላቱ ግን ከበሩ ከተነሳ ቆይቶ ነበርና ከጀርባው ዞሮ ገደለው። ሳጂድ ሊያድነው ሮጠ፣ እሱም ሞተ። ባዘዘውም ተከተለ። ሁሉም እየተንጫጩ፣ ከቡድኖቹ ሁሉ ቀድመው አንዲት ነጥብ ሳይዙ ወደቁ። ጌች ስልኩን ጠረጴዛው ላይ እየመታ ኔቱን ይረግም ጀመር።

ኤልሳቤጥ ደሟ ፈላ። ሰው ፊት ነኝ ሳትል ብድግ አለች።

«ሁለተኛውን የምመራው እኔ ነኝ። እኔ ሳልናገር ማንም እንዳይተነፍስ። የሮጠ ሰው ደግሞ ዛሬ አብሮኝ አይመለስም።»

ጌች እርግማኑን ትቶ ተቀመጠ። አንዲት ቤት ይዘው አደፈጡ። እሷ ብቻ ተናገረች፣ እነሱም የተባሉትን አደረጉ፤ በሩን ከፍቶ የገባ ሁሉ እየወደቀ ዙሩን አሸነፉ። አዳራሹ አጨበጨበላቸው። ነጥቡ ሲደመር ግን የመጀመሪያው ዙር ጎትቶ ሁለተኛ አደረጋቸው። ጎንደር የሚሄደው የሽንፋ ቡድን ሆነ።

አንጀት የሚያሳርረውስ ይኸው ነው! የማይችሉ ቢሆኑ እሰየው፣ አርፋ ትተኛ ነበር። ይችላሉ እኮ! አንድ ሳምንት በራሳቸው ሲም ቢቀመጡ ኖሮ ጎንደር የእነሱ ነበረች። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፤ አሁን ድስት ጥዶ ማልቀስ ለማን ይጠቅማል?

ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ ሳጂድ ለግሩፑ ድምፁን እየቀዳ ይልካል። ዘዴውን በሁለተኛው ዙር አገኘነው ይላል። አገኘነው! ኤልሳቤጥ ጥርሷን ነክሳ በመስኮቱ የታጨደውን የሰሊጥ ማሳ ታያለች። ጌች ከፊት ወንበር ዞሮ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

«ማሌሽ፣ ኤልሲ» አላት፤ ግድ የለም ማለቱ ነው፣ ከሱዳኖች የለመዳት ቃል። «ለከርሞ አንቺ ትመሪናለሽ። ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

«ለከርሞ ገለጉ ነኝ።»

ጌች ግራ ገብቶት ሳጂድንና ባዘዘውን አየ። እነሱም እሱን አዩት።

«እሱን ደግሞ መቼ ነገርሽን?» አለ።

«ስትተኩሱ ነዋ» አለችው። ከዚያ ወደ ረዳቱ ዞራ «ወራጅ አለ» አለች። መተማ ለመድረስ ገና ብዙ መንገድ ይቀራል፤ ቢሆንም ከእነሱ ጋር ከመቀመጥ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሌላ መኪና መጠበቅ ይሻላታል።