አጠፋሁ

ሦስት፣ ሦስት ምን ያንሳል፣ ሰው በአንድ ጊዜ ከሦስት ፕሮግራም በላይ ከፍቶ ምን ይሠራል፣ ብዬ የተከራከርኩት እኔው ነኝ፣ ባለፈው መስከረም፣ እዚሁ ክፍል፣ እዚሁ ወንበር ላይ፣ ግራንት ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጎ ጆሊን ገላገልሽን አለኝ፣ አለቃ ሲያመሰግን ደግሞ ደስ ይላል፣ እስከ ማታ ድረስ ፈገግ እያልኩ ነበር። አይ የኔ ነገር። ዛሬ ያቺው ሦስት ልትጸድቅ ነው፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ፣ ውጭ የሲያትል ዝናብ፣ ውስጥ ስምንት ሰው፣ እግሬ አላርፍ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር ይንቀጠቀጣል፣ አርፈህ ተቀመጥ እለዋለሁ፣ አይሰማም።

ግራንት ግድግዳው ላይ የገቢያችንን መስመር አብርቷል፣ መስመሩ ወደ ታች ነው፣ ወገኖቼ ጉዳችንን እዩት ይላል፣ ሰው ይስቃል፣ ሳቁ ቶሎ ይቆማል። ጉዱ ጠረጴዛው መሀል ተቀምጧል፣ ከመጽሐፍ የማይበልጥ ቁራጭ ላፕቶፕ፣ ሦስት መቶ ዶላር የማይሞላ፣ ሰው በገፍ ይገዛዋል፣ መጀመሪያ ይግዛ እንጂ ምን ከፋን ብለን ነበር፣ ኮምፒውተር በተሸጠ ቁጥር ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው የኛ ሲስተም ውስጡ ተጭኖ አብሮ ይሸጣል፣ የምንኖረው በሱ ነው፣ ግን ለዚህች ዕቃ ማን የስልሳ ዶላር ሲስተም ይጭናል፣ ላፕቶፑን የሚሠሩት ፋብሪካዎች መጡ፣ በነጻ የሚገኝ ሲስተም ሞልቷል፣ ወይ በአሥራ አምስት ስጡን ወይ ደህና ሁኑ አሉን፣ ሰጠናቸው። ኮምፒውተሩ በዛ፣ ገቢው ወረደ። ጥር ላይ ከኛ ፎቅ አሥራ አንድ ሰው ተሰናበተ፣ አንዷ ቤቨርሊ ነበረች፣ ኩባያዋ እስካሁን ጠረጴዛዋ ላይ ነው፣ የሚያነሳው ጠፋ፣ እኔም ሳልፍ ወደ ሌላ አያለሁ።

ርካሹ ሲስተም ሁሉን ከሠራ ውዱን ማን ይገዛል፣ ስለዚህ ርካሹን እናሽመድምደው፣ ማለቴ የአጠቃቀም ወሰን እናብጅለት፣ በስብሰባ እንደዚያ ነው የሚባለው። ሦስት ፕሮግራም ከፍቶ አራተኛ የፈለገ ከፍሎ ያስጨምር። ቀላል ነው። ያምራል። የኔ ሐሳብ ነው። ሦስቷ ከወደቀች ግራንት ምን እንደሚል አውቃለሁ፣ እሺ ጆሊን፣ ታዲያ ከየት እናምጣው፣ ቀጥሎ የሚሰናበቱት ስም ዝርዝር ላይ ማን እንዳለችበትም አውቃለሁ፣ ሐሳቧ የወደቀባት ሴት፣ አርባ አራት ዓመቷ፣ ማን ይቀጥራታል።

በኛ መሥሪያ ቤት ደንብ አለ፣ የሠራኸውን ራስህ ቅመሰው ይባላል፣ ገበያ ሳይወጣ እያንዳንዳችን ቤት ወስደን በዘመድ እናስሞክራለን፣ እኔ ሦስቷ የተጫነችበትን አንዱን ላፕቶፕ ያኪማ ላለችው እናቴ ሰጠኋት፣ እማዬ ወደደችው፣ እንደ ድመት ጭኗ ላይ አስቀምጣው ትውላለች። እኅቷን ታይበታለች። አክስቴ ዊልማ ሩቅ ዱሉዝ ከተማ ነች፣ መጦሪያ ቤት፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሶ ንግግር ካጣች እሑድ ሰባት ሳምንት ሞላት፣ የንግግር ሐኪሟ ለእማዬ በስክሪን ቃል አንብቢላት፣ ድምፅ ካወጣች ወዲያው ጻፊው፣ ምንም ይሁን ጻፊው ብላታለች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማዬ ደወለች።

ልጄ አጠፋሁ፣

ምን አጠፋሽ እማዬ፣

ዊልማን አጠፋኋት።

ዊልማ የሞተች መሰለኝ፣ ቆሜ ነበር ተቀመጥኩ፣ የለም አልሞተችም አለች እማዬ፣ ከስክሪኑ ነው ያጠፋኋት፣ ፊቷን ከፍቻለሁ፣ የሐኪሟን የቃል ገጽ ከፍቻለሁ፣ የፖልካ ሙዚቃውን ከፍቻለሁ፣ ልጆች ሆነን በአባታችን ጎተራ የጨፈርንበትን፣ ውሃ እላታለሁ፣ በር እላታለሁ፣ ዝም ትለኛለች፣ ሙዚቃው አንድ ቦታ ሲደርስ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ ጆሊን፣ ሎ አለች፣ ሎር አለች፣ ስሜን እኮ ነው፣ ሎርና ልትለኝ ነው፣ ልጽፈው ማስታወሻውን ተጫንኩ፣ አንድ ሳጥን ከች አለብኝ፣ ከሦስት በላይ መክፈት አይቻልም፣ ለመቀጠል እባክዎ አንዱን ይዝጉ ይላል፣ እባክዎ ሲለኝ ጊዜ እሺ አልኩት፣ በጨዋ ደንብ ነው የጠየቀኝ፣ ሙዚቃውን የዘጋሁ መስሎኝ፣ ቸኩዬ እሷን ዘጋኋት።

ነርሷ ጥሪውን መልሳ እስክታነሳ ሃያ ደቂቃ። ዊልማ ግድግዳ እያየች፣ አፏ ገጥሞ። ከዚያ ወዲህ ምንም አላለችም፣ ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ ዛሬም ጠዋት ጠይቄ ነበር።

እባክዎ የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሰባት ሰዎች ሆነን በዚያች ቃል አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ተከራክረናል፣ አንዱ ጽሑፉ ይጠር አለ፣ እኔ የለም፣ ተጠቃሚው እንዳይቆጣ ለስለስ ይበል፣ ትሕትና ቅሬታ ይቀንሳል አልኩ፣ ቀነሰ እኮ፣ ሥራውን ሠራ፣ ይኸው እማዬ አልተቆጣችም።

ጥፋቱ ያንቺ አይደለም እማዬ አልኳት፣ ሳጥኑ ነው አልኳት፣ ሳጥኑን ማን እንደጻፈው ግን አልነገርኳትም፣ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ዋጥኩት። ፈሪ ነኝ። አይ ልጄ፣ ማሽኑ ምን አደረገ፣ እኔ ነኝ ያረጀሁት፣ ይቅር በይኝ አለች። አሁንማ ተምራለች፣ ከዊልማ በቀር ምንም አትከፍትም፣ ሙዚቃም የለ፣ ቃልም የለ፣ እስክሪብቶ ይዛ ያንን የገጠመ አፍ ቁጭ ብላ ታያለች።

በሉ እንጨርስ ይላል ግራንት፣ ቤት ወስዳችሁ ካስሞከራችሁት ምን ቅሬታ መጣ፣ በየተራ፣ የራጋቭ ባለቤት ዜሮ፣ የዳግ አማት ዜሮ፣ ስክሪኑ ጠበበኝ ብላለች፣ እሱ የኛ አይደለም ዜሮ በለው፣ ግራንት ይጽፋል፣ ዜሮ በዜሮ ላይ፣ ወደኔ እየመጣ ነው፣ ዜሮ በይ ጆሊን፣ ውሸት አይደለም እኮ፣ እማዬ አንድም ቀን አላማረረችም፣ ዜሮ በይና ውጪ፣ ዝናቡ ውስጥ ቁሚ፣ ሎር ማለት እኮ ስም አይደለም፣ ግማሽ ስም ነው፣ ምናልባትም ዝም ብሎ ድምፅ፣ አሮጊት ያሰማችው፣ እግሬ ቆሟል፣ መቼ ቆመ፣

ጆሊን፣ የእናትሽስ፣ ቅሬታ አላት፣

የላትም እላለሁ።

ዜሮውን ይጽፋል፣ ክብ አድርጎ፣ ቀጥሎ ወዳለው ሰው ሊያልፍ ነው፣

ይቅርታ ጠይቃኛለች እላለሁ፣

ምን አልሽ ይላል፣

እናቴ፣ እላለሁ፣ እኔ ለጻፍኩት ሳጥን እናቴ እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ ያንን ዜሮ አጥፋው።