ባዶ የተባለው ጨፌ

ዓለምነህን መንደሩ በሙሉ «ጭስ ቀባሪው» ይለዋል። ስሙን ያመጣው ራሱ ነው። በ2004 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ሁለት ባልደረቦቹን ይዞ ከአዲስ አበባ፣ ከቡሬ ወጣ ብላ ወዳለችው የትውልድ መንደሩ መጣና ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ አስረዳቸው። ዛፍ ሲያድግ አየሩን የሚያሞቀውን ካርቦን ይስባል፤ ያን ዛፍ አንድደን መብራት እናመነጫለን፤ ካርቦኑን ከጭሱ ለይተን አየር ላይ ሳይወጣ ከመሬት በታች እንቀብረዋለን አላቸው።

«ጭስ ይቀበራል?» አሉ አባቱ አቶ ባዬ።

«ይቀበራል፣ አባዬ።»

«ፍታቱንስ ማን ሊፈታው ነው?» ሲሉ ሽማግሌዎቹ በሳቅ ወደቁ፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ።

ሥራው ግን የቀልድ አልነበረም። ዓለምነህ ሞዴል ይሠራል። አገሪቱ ይህን ያህል መሬት ዛፍ አልብሳ፣ ያንን አንድዳ ጭሱን ብትቀብር ወደፊት ምን ያህል ካርቦን እንደምትቀንስ በኮምፒውተር ያሰላል። ሞዴሉ ሆዳም ነው፤ መሬት ካልጠገበ የቅነሳው ግብ አይሞላም። ደግነቱ የተያዘ መሬት አይነካም፣ ባዶውን ብቻ ነው የሚወስደው። ስለዚህ አጥኚዎቹ በደረሱበት ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ይህ መሬት ለምን ይውላል?»

ከመንደሩ በታች ካለው ሰፊ ጨፌ ደርሰውም ይህንኑ ጠየቁ። ሣሩ ጉልበት ድረስ አድጓል፤ አንዲት ጥጃ እንኳ አትታይበትም። ደንቡ ነው፤ ክረምቱን ይዘጋል፣ የጥቅምት አቦ ማግስት ይከፈታል፣ ከዚያ ወዲያ የመንደሩ በሬ ሁሉ የሚኖረው በእሱ ነው። አቶ ባዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ለምንም አይውል፣ ልጆቼ። ባዶ ነው» አሉ። ሽማግሌዎቹም አዎ፣ ባዶ ነው አሉ።

ነጭ ውሸት ነው። ግን ምክንያት ያለው ውሸት ነው። በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ሽግሽግ የጎረቤት መንደር ሰዎች «ከዚህ ወሰን እስከዚያ ወሰን የከብታችን ነው» ብለው በኩራት አስለኩና ጨፌያቸው ተሸንሽኖ ለሰው ታደለ። አቶ ባዬ ያኔ «ረግረግ ነው፣ የማንም አይደለ» ብለው የራሳቸውን መንደር ጨፌ አተረፉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ከዚያ ወዲህ መሬት ሊለካ የመጣ ሁሉ የሚሰማው ያንኑ መልስ ነው።

ዓለምነህ ይህን ሁሉ ያውቃል። አባቱ ቀና ብለው ዐይን ዐይኑን አዩት፤ እሱም ዝም አለ። አባትን በሰው ፊት ውሸታም ማድረግ ነውር ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። ነውርስ ነው። ሆኖም መኪና ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር ብቻውን ሲሆን ማን አፉን ያዘው? ያን የሚያህል ሜዳ «ባዶ» ተብሎ የሞዴሉ ካርታ ላይ ሲሰፍር ደስ ብሎት ነበር። እስከ ዛሬ የሚጸጸተው በዝምታው ሳይሆን በዚያች ደስታው ነው።

አዲስ አበባ ላይ ውጤቱ ሲቀርብ የካርቦን ቅነሳውን የሚያሳየው መስመር ግቡን ነካ፤ ተጨበጨበ። አንድ ቀን የቡድን መሪዋን ሳሌምን «ባዶ ካልነው መሬት አንዳንዱ ባዶ ላይሆን ይችላል» ቢላት፣ «ሞዴል እኮ ነው፣ ዓለምነህ። በሞዴል ማን ዛፍ ይተክላል?» አለችው። ማመን ፈልጎ ነበርና አመናት።

ተተከለ። ጭሱን የሚይዘው ማሽን አቅም የለም ተብሎ ቀረ፤ ካርታው ግን ከእጅ ወደ እጅ እያለ እስከ ወረዳ ድረስ ወረደ። ባሕር ዛፍ ለመትከል ደግሞ ማሽን አያስፈልግም። ጨፌው ታጠረ። ሣር ያጣ ሰው በሬውን እየነዳ ፍኖተ ሰላም ገበያ ወስዶ ሸጠ፤ አቶ ባዬም ከጥማዳቸው አንዱን ሸጡ።

ዓለምነህ በ2008 ዓ.ም. የጥቅምት አቦ ማግስት መንደሩ ሲደርስ አባቱን ከአጥሩ ሥር አገኛቸው። የቀራቸውን በሬ ገመድ ይዘው ቆመዋል። የሚከፈት ነገር እንደሌለ ያውቃሉ፤ ቀኑ ስለሆነ እግራቸው አመጣቸው።

«ያ ጭስ የሚቀብረው ማሽን መጣ?» አሉት።

«አልመጣም፣ አባዬ።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው ፈገግ ለማለት ሞከሩና አልሆነላቸውም። «ጥፋቱ የኔ ነው። ባዶ ነው ያልኩ እኔ። ለንስሐ አባቴ ነግሬ ቀኖና ተቀብያለሁ፤ በዚህ ጉልበቴ እየሰገድኩ ነው።»

ዓለምነህ አልቻለም። «አባዬ፣ እኔ አውቅ ነበር እኮ። ልናገር እችል ነበር።»

«ማወቅህንማ አውቃለሁ። ያን ለት ዝም ስትል፣ ‹ልጄ ጨፌውን ሸሸገልን› ብዬ ለመንደሩ ሁሉ አወራሁ። በስምህ ስንት መረቅንህ።»

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ሌላ የሚያደርገው ቢያጣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ጨፌውን ፈልጎ አገኘና «ባዶ» የሚለውን አጥፍቶ «ግጦሽ» ብሎ ጻፈ፤ ሞዴሉንም እንደገና አስኬደው። አባቱ በትከሻው ላይ ጎንበስ ብለው ያያሉ። መስመሩ ቀስ እያለ ተስሎ አለቀ።

«ምን ሆነ?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም?»

«ግቡን እንደነካ ነው። አልተነቃነቀም። ጨፌው ከአገሩ መሬት ሁሉ ጋር ሲታይ በጣም ትንሽ ነው።»

አቶ ባዬ ዐይናቸውን ከመስመሩ ላይ ሳያነሱ፣ «እንግዲያ ያለ እኛም ይሞላ ነበር?»

«ይሞላ ነበር፣ አባዬ።»

ሽማግሌው ገመዱን ሰብሰብ አድርገው ወደ ቤት ሊመለሱ ዞሩ። በሬው ግን ቀኑን ያወቀ ይመስል አፉን ወደ አጥሩ አድርጎ አልነቃነቅም አለ። ዓለምነህ ኮምፒውተሩን ድንጋዩ ላይ ትቶ ከኋላ ሊገፋው ተነሣ።