«መጣ» የሚል ሰው

ዲሽ መግጠም የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ ነበር ማለት ይሻላል። አንዱ ጣሪያ ላይ ሆኖ ሰሃኑን በጥቂት በጥቂቱ ያዞራል፤ ሌላው ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ «መጣ… ሄደ… እዚያው! እንዳትነካው!» እያለ ይጮሃል። ለእኔ ሃያ ዓመት የጮኸችልኝ ሚስቴ ናት። ሰው ቤት ሁሉ አብራኝ ስትዞር፣ «ባልሽ ሰማይ፣ አንቺ ምድር፤ መቼ ልትገናኙ ነው?» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

እሷ ከሞተች ወዲህ ሲግናል ሲያገኝ ጲጵ የሚል ትንሽ መሣሪያ ገዛሁ። አይሳሳትም፣ አያኮርፍም። ጠላሁት። የገዛ ቤቴን ዲሽ ግን ነፋስ ካዞረው ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። የሰው ስጠግን ውዬ የራሴን ጥቁር ስክሪን ሳይ አመሻለሁ። ሰነፍ ብትሉኝ አልቀየምም፤ እውነቱ ግን ያን ሰሃን ብቻዬን ማዞር ፈርቼ ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አንድ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ጠሩኝ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሳተላይቱ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ከቦታው ንቅንቅ እንደማይል፣ ከጣሪያቸው ላይ ሆኖ ለሚያየው በየት አቅጣጫ፣ ስንት ዲግሪ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ ደብተር ላይ አስልተዋል። ስሌታቸው እንከን የለውም። ሦስት ቀን ሲታገሉ ግን ምንም አልመጣላቸውም።

«ሳተላይቱ ተሳስቶ ይሆን?» አሉኝ። ልስቅ ስል ኮስተር አሉ።

«ኮምፓሱን የት አስቀምጠው ነው የለኩት?»

አብረን ጣሪያው ላይ ወጥተን የብረቱን የውሃ ታንከር አሳዩኝ። ኮምፓሱን አንስቼ ወደ ጣሪያው ጫፍ ስወስደው መርፌው ዞር አለ። እሳቸውም አዩት።

«ብረት አጠገብ አታስቀምጡ እያልኩ አርባ ዓመት አስተማርኩ» አሉ ቀስ ብለው። «በል፣ ወርጄ ቴሌቪዥኑን ልይልህ።»

መሣሪያው ኪሴ ውስጥ ነው። አያስፈልግም ልላቸው አሰብኩና ተውኩት። ሰሃኑን ማዞር ጀመርኩ።

«መጣ!» አሉ ከታች። «ሄደ… መጣ… እዚያው! እንዳትነካው!»

እጄ ብሎኑ ላይ ቀረ። ይህን ቃል ከሰው አፍ ከሰማሁ ሁለት ዓመቴ ነው። እንባዬ እየጋረደኝ ብሎኑን ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።

ሲሸኙኝ «አንተስ ቤት የሚጮህልህ ማነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሚስቴ ነበረች። አሁን ማንም የለም። የእኔማ ዲሽ እንደዞረ ነው።»

ቤቴ ስደርስ ጀምበር ገና አልጠለቀችም። ልብሴን ሳልቀይር ጣሪያዬ ላይ ወጣሁ። ሰሃኑን ወደ ቦታው ስመልሰው መሣሪያው ጮኸ፤ ልክ ነው፣ አላወላወለም። የቀረኝ ብሎኑን ማጥበቅ ነበር። እኔ ግን መፍቻዬን ይዤ ከታች ድምፅ ስጠብቅ ቆየሁ። ማን ሊጠራኝ? ክፍሉ ባዶ ነው።

ስልኬን አውጥቼ መምህሩ ጋ ደወልኩ።

«መምህር፣ መጣ» አልኳቸው።

ምኑ ብለው አልጠየቁኝም።

«እዚያው» አሉኝ። «እንዳትነካው።»