ያልረጋው ወተት

ዝላትካ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ከበር ጀርባ ሆና የሰማችው ነገር ነው። የመንደሩ ጤና ረዳት ኮፍያውን በእጁ እንደያዘ ለእናቷ ስለ አባቷ እንዲህ አላት፦ "መድኃኒቱ ቀድሞ የሚገድለው ደካሞቹን ጀርሞች ነው። እሱ ደግሞ ተሻለኝ ብሎ አቋረጠ። አሁን ደረቱ ውስጥ የቀሩት ኃይለኞቹ ናቸው፤ የሚባዙትም እነሱ ናቸው።" እናቷ ምን እንደመለሰች አታስታውስም። አባቷ የተቀበረው ግን ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነበር።

ዛሬ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ፣ የእርጎውን ማሰሮ ክዳን ስታነሳ ወተቱ አልረጋም። ማታ እንደ ወትሮው አሙቃ፣ ትንሿን ጣቷን ነክራ ሙቀቱን ለክታ፣ ከአማቷ የወረሰችውን እርሾ ጨምራ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ነበር ያሳደረችው።

"ዝላትካ!" አለች ጎረቤቷ ስታንካ ከአጥሩ ማዶ። "ማታ ያበደርሽኝ እርሾ ጉድ ነው! የእኔን ላም ወተት እንዲህ አርግቶት፣ ማንኪያ ብተክልበት ይቆማል!"

እንግዲያው ጥፋቱ የእርሾው አይደለም፤ የወተቱ ነው። የላማቸው የቤልካ ጡት ባለፈው ሳምንት አብጦ ወተቷን ሲደፉ ሰንብተው፣ መልሰው ማጠራቀም የጀመሩት ገና ትናንት ነው። ዝላትካ ወደ በረቱ ገባች። መደርደሪያው ላይ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ አገኘች፤ ጫፉ ላይ ነጭ ዱቄት ደርቆበታል።

ባሏ ሩመን ወጥ ቤት ተቀምጦ ቀኝ እጁን በፎጣ ሸፍኗል። እጁን የዛገ ሽቦ ከቀደደው ዘጠኝ ቀን ሆኖታል፤ ሐኪሙም አሥራ አራት ክኒን ሰጥቶት ነበር።

"ክኒንህ የት አለ?"

"ጨረስኩ አልኩሽ እኮ።"

"አንተ ነህ የጨረስከው ወይስ ቤልካ?"

ሩመን አቀረቀረ። "የእንስሳት ሐኪሙ እስከ ሰኞ አልመጣም አለ። የእኔ እጅ በሦስተኛው ቀን ሻረ፣ የእሷ ጡት ግን እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነበር። የቀሩትን ስምንቱን ፈጭቼ፣ በጥብጬ፣ እስከ ትናንት በሲሪንጅ በጡቷ ቀዳዳ ሰጠኋት። ዳነች አይደል እንዴ?"

"እሷስ ዳነች። እጅህን አሳየኝ።"

"ተይኝ ሴትዮ! በቅዱስ ሐራላምቢ በዓል የተባረከውን ማር ቀብቼዋለሁ።"

ፎጣውን ገፈፈችው። እጁ አብጦ ይፋጃል። ከአንጓው ላይ ቀይ መስመር ተነስቶ ወደ ክንዱ ይወጣል። ዝላትካ እስክርቢቶ አንስታ መስመሩ ያበቃበት ላይ ምልክት አደረገች።

"ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?"

"በኋላ እንዳትከራከረኝ።"

ሰዓት ሳይሞላ ያንቀጠቅጠው ጀመር። እጅጌውን ሰበሰበችው። ቀዩ መስመር ምልክቷን በሁለት ጣት አልፎታል። ዝላትካ አማተበች።

"ተነስ፣ ሆስፒታል።"

"ነገ። ዛሬ የወተት መኪናው ይመጣል። ወተታችን የት ሄደ ሲባል ምን ልንል ነው? ሩመን ክኒኑን ለላም ሰጠ ተብሎ እስከ ገና ይሳቅብኛል።"

"ይሳቅብህ! የእኔን እርሾ የገደለ ወተት መኪናው ውስጥ ቢገባ የመንደሩ ወተት ሁሉ አይረጋም። መድኃኒቱ እርጎዬን የሚያረጉትን ደጋግ ጀርሞች ከክፉዎቹ አይለይም፤ የቻለውን ይገድላል። አንተ ውስጥ ያሉትን ክፉዎች ግን ግማሽ መንገድ አድርሰህ ተውካቸው። አባቴም..."

"አባትሽ ምን?"

"ተሻለኝ ብሎ ነው የሞተው።"

ሠላሳ አምስት ዓመት በትዳር ሲኖሩ ይህን ነግራው አታውቅም። ሩመን ምልክቱን ያለፈውን ቀይ መስመር በጣቱ ተከተለ።

"ማሩስ?" አለ ቀስ ብሎ።

"ማሩንም ክኒኑንም የሰጠ አንዱ እግዜር ነው። ማሩን ስትቀባ ጸለይክ፤ ክኒኑን ስትተው ግን አላማከርከውም።"

ሩመን ተነሳ። የወተቱን ቢዶን በግራ እጁ እየጎተተ ደጅ አወጣና ፍግ ክምሩ ላይ ደፋው። ከዚያ ወደ አጥሩ ዞሮ ተጣራ፦ "ስታንካ! ቤልካን እለቢልን፤ ወተቷን ግን ድፊው! የመኪናው ሰውዬ ከጠየቀሽ እውነቱን ንገሪው፤ ሩመን ክኒኑን ለላሟ ሰጣት በይው። ሳቁን ሆስፒታል ሆኜ እሰማዋለሁ!"

"አሁን የሚሰጡህን መድኃኒት ደግሞ" አለችው ዝላትካ ካፖርቱን እያለበሰችው፣ "እኔ እያየሁህ ነው የምትውጠው። እስከ መጨረሻዋ።"

ሩመን ለማንም ሰጥቶት የማያውቀውን የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ እጇ ላይ አኖረው።

"እስከ መጨረሻዋ" አለ። "አፌንም ከፍቼ አሳይሻለሁ። ብቻ ቶሎ ንጂ።"